ኡኡ ሲባል የሚሰማው ማን ነው? ስለ መርከብ ራዲዮ ሠራተኞች ሥልጠና

ከ1993 ጀምሮ የባሕር በር በሌላት አገር የሚኖር ተማሪ፤ ያውም የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ፤ ስለ መርከብ ራዲዮ ሠራተኞች ሥልጠና ምን ብሎ ይጽፋል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን አስቀድመን እንስጥ። አንደኛ፤ አገራችን ወደብ ባይኖራትም መርከብ አላት። በ1964 የተቋቋመው የንግድ መርከብ ድርጅታችን ወራሾች ዛሬም ሰንደቅ ዓላማችንን ሰቅለው በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ይመላለሳሉ። ሁለተኛ፤ በዕድሜ የእኛው እኩያ የሆኑ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች በየዓመቱ በትንንሽ ጀልባ ተጭነው ወደ የመን ይሻገራሉ፤ ሁሉም አይደርሱም። ሦስተኛውም ምክንያት የራሳችን የትምህርት ክፍል ጉዳይ ነው። ይህ ሙያ ሲመረመር ከመሣሪያው ይልቅ የቋንቋ ሙያ ሆኖ ይገኛል፤ ሰው በመጨረሻው ሰዓት ድረሱልኝ የሚለውን ነገር ሰሚው ሳይሳሳት እንዲረዳለት አድርጎ የመናገር ሙያ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።)

በገጠር ያደግን ሁሉ እንደምናውቀው ኡኡታ የራሱ ሕግ አለው። በሌሊት አንዱ ኡኡ ሲል የሰማው ጎረቤት በትሩን ይዞ ይወጣል፤ ሲወጣም እሱ ራሱ ኡኡ እያለ ድምፁን ከጋራ ወደ ጋራ ያሳልፈዋል። ሰምቶ የተኛ ሰው ግን በማግሥቱ በመንደሩ መካከል ቀና ብሎ መሄድ አይችልም። በባሕር ላይም ሕጉ ይኸው ነው። ልዩነቱ በባሕር ላይ ጎረቤት አለመኖሩ ነው። የቅርቡ መርከብ የሃምሳና የመቶ ማይል መንገድ ሊርቅ ስለሚችል ጆሮ በአጋጣሚ አይገኝም፤ ተመርጦ፣ ሠልጥኖ፣ ደመወዝ ተከፍሎት መቀመጥ አለበት። የዚህ ሙያ ታሪክ በሙሉ የዚያ ጆሮ ታሪክ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ራዲዮ በመጀመሪያ ወደ መርከብ የገባው ለነፍስ አድን ሥራ አልነበረም። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ሽቦ ቴሌግራፍ የሚያስተላልፉትን መሣሪያዎችና ሠራተኞቻቸውን ለመርከቦች የሚያቀርበው በይበልጥ የማርኮኒ ኩባንያ ነበር። ወጣቶቹ ኦፕሬተሮች የኩባንያው ቅጥረኞች ሲሆኑ የዕለት ሥራቸውም የመንገደኞችን የሰላምታና የንግድ ቴሌግራም መላክና መቀበል ነበር። ነገሩ ከገቢ ማግኛነት አልፎ የነፍስ ጉዳይ መሆኑ ለዓለም የታየው በጃንዋሪ 1909፤ «ሪፐብሊክ» የተባለችው መርከብ በጉም ውስጥ «ፍሎሪዳ» ከተባለች መርከብ ጋር በተጋጨች ጊዜ ነው። የሪፐብሊክ ኦፕሬተር ጃክ ቢንስ ግድግዳው በፈረሰ ክፍል ውስጥ በብርድ ተቀምጦ የዚያን ጊዜውን የጭንቅ ምልክት «ሲ. ኪው. ዲ.» ለሰዓታት ሲልክ ዋለ። እርዳታም ደርሶ በሁለቱ መርከቦች ላይ ከነበሩት ከ1500 በላይ ሰዎች ጥቂቶች ብቻ ሲቀሩ ሁሉም ዳኑ።

ከሦስት ዓመት በኋላ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በኤፕሪል 14 ቀን 1912 ሌሊት ታይታኒክ ከበረዶ ተራራ ጋር ስትጋጭ በራዲዮ ክፍሏ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ነበሩ፤ የ25 ዓመቱ ጃክ ፊሊፕስና የ22 ዓመቱ ሃሮልድ ብራይድ። ከግጭቱ ትንሽ ቀደም ብሎ በአካባቢው የቆመችው «ካሊፎርኒያን» በበረዶ ተከብባ መቆሟን ኦፕሬተሯ ሊያስታውቅ ሞክሮ ነበር። ፊሊፕስ ግን የመንገደኞች ቴሌግራም ተከምሮበት ወደ የብስ ጣቢያ በመላክ ላይ ስለ ነበረ ዝም በል፣ ሥራ ይዣለሁ ብሎ መለሰለት። የካሊፎርኒያን ኦፕሬተር ሲሪል ኤቫንስ ዕድሜው 20 ነው፤ በመርከቡም ላይ ብቸኛው የራዲዮ ሠራተኛ እሱ ነው፤ ከማለዳ ጀምሮ ሲሠራ ውሎአል። መሣሪያውን ዘጋና ተኛ። ታይታኒክ የተጋጨችው ከዚያ ጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ 58 ማይል ያህል ርቃ በምትሄደው «ካርፔቲያ» ላይ የ21 ዓመቱ ሃሮልድ ኮታም ብቻውን ይሠራ ነበር። እሱም ሊተኛ ልብሱን እያወለቀ ሳለ ማዳመጫውን ከጆሮው ገና ስላላነሣ የታይታኒክን ጥሪ ሰማ። ከ700 የሚበልጡ ሰዎች የዳኑት በዚህ ነው፤ ከ1500 የሚበልጡት ደግሞ አለቁ። ካሊፎርኒያን በስንት ማይል ርቀት ላይ እንደ ነበረች እስከ ዛሬ ድረስ ያከራክራል፤ ከካርፔቲያ ግን ትቀርብ እንደ ነበር የሚያከራክር የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። በዚያ ሌሊት የብዙ መቶ ሰዎች ሞትና ሕይወት የተንጠለጠለው በአራት ልጆች ላይ ነው። ከአራቱ ታላቁ 25 ዓመቱ ነው፤ በእኛ ምግብ አዳራሽ ውስጥ ቢቀመጡ ማንም ለይቶ አያውቃቸውም። ደግሞም የጎደለው መሣሪያ አልነበረም፤ መሣሪያውስ በሦስቱም መርከቦች ላይ ነበረ። ሞርስ መቀበል የማይችልም አልነበረም። የጎደለው ማን፣ መቼ፣ ስንት ሰዓት ያዳምጣል፤ ከቴሌግራምና ከማስጠንቀቂያስ የቱ ይቀድማል የሚል ሥርዓት ነው። የኋላው ሥልጠና ሁሉ የተሠራው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው።

ሥርዓቱ ቀስ በቀስ መጣ። «ኤስ. ኦ. ኤስ.» የተባለው ምልክት በ1906 በበርሊን ጉባኤ ተወስኖ ከጁላይ 1908 ጀምሮ በሕግ ጸንቶ ነበር። ብዙ ሰው የእንግሊዝኛ ቃላት አሕጽሮት ይመስለዋል፤ አይደለም፤ ሦስት ነጥብ፣ ሦስት ሰረዝ፣ ሦስት ነጥብ በማናቸውም ጫጫታ ውስጥ ተለይቶ ስለሚሰማ ብቻ የተመረጠ ነው። ከታይታኒክ በኋላ በ1914 በለንደን የተደረገው በባሕር ላይ የሰው ሕይወት ደኅንነት ስምምነት፤ በአሕጽሮት «ሶላስ» የሚባለው፤ ቀንና ሌሊት የማዳመጥን ግዴታ አመጣ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስላሰናከለው በታሰበው ጊዜ ባይጸናም የኋለኞቹ ስምምነቶች ሁሉ የተገነቡት በዚያ መሠረት ላይ ነው። በ500 ኪሎ ኸርትዝ ሞገድ ላይ የጸጥታ ደቂቃዎች ተደነገጉ። ይኸውም በየሰዓቱ ከ15ኛው እስከ 18ኛው፣ ከ45ኛው እስከ 48ኛው ደቂቃ ድረስ በዓለም ባሕር ላይ ያለ ኦፕሬተር ሁሉ በዚያ ሞገድ ላይ ከመናገር ተከልክሎ ማዳመጥ ብቻ ነው። በራዲዮ ክፍሉ ሰዓት ላይ እነዚህ ደቂቃዎች በቀይ ቀለም ተቀብተው ይታያሉ። ታላላቅ ኩባንያዎች በደቂቃ ገንዘብ በሚቆጥሩበት ዘመን ለደካማ ድምፅ ሲባል በሰዓት ስድስት ደቂቃ ዝም ማለት ትንሽ ነገር አይደለም።

ኦፕሬተሩ በሚተኛበት ጊዜ ምን ይደረግ ለሚለውም ብልኀት ተገኘ። አንድ ሰዓት ቆጣሪ ተቀባይ መሣሪያ ይተከላል፤ እያንዳንዳቸው አራት ሰከንድ የሚረዝሙ፣ በመካከላቸው አንድ አንድ ሰከንድ ዕረፍት ያለባቸው ሰረዞች ተከታትለው ሲመጡ ደወል ይደውልና ሰውየውን ይቀሰቅሳል። ላኪው የሚልከው ዐሥራ ሁለት ሰረዝ ነው፤ ይህም በትክክል አንድ ደቂቃ ይሞላል። ተማሪው የሰከንዱን ዘንግ እያየ ይህን በእጁ እንዲልክ ይለማመድ ነበር። መርከብ እየሰመጠ እጅ ሳይንቀጠቀጥ አራት ሰከንድ መቁጠር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ አንባቢ ይገምት።

አሁን ወደ አሮጌው ሥልጠና ራሱ እንግባ፤ በእውነቱም ከጉዳዩ ሁሉ እኛን የማረከን ይህ ክፍል ነው።

ሞርስ በዓይን የሚማሩት ፊደል አይደለም። ነጥብና ሰረዙን በወረቀት ላይ አይቶ በቃሉ ያጠና ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የተሻለ ይመስለዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ድምፁ በፈጠነ ቁጥር ለመቁጠር ጊዜ ስለማያገኝ ከአንድ ቦታ ላይ ተቸክሎ ይቀራል። ስለዚህ ደኅና መምህራን እያንዳንዱን ፊደል በአንድ ትንፋሽ እንደሚሰማ ዜማ አድርገው ያስተምሩ ነበር። በዚህ በኩል የዜማ ቤት ተማሪ ከእኛ ይልቅ ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል፤ ምልክቱን ከመጽሐፍ ከማየቱ በፊት ድምፁን ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ በጆሮው ያሳደረ ነውና።

ፈተናውም ቀላል አልነበረም። በዓለም አቀፍ የራዲዮ ደንብ መሠረት የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት የሚፈልግ ተማሪ ተራ ንባብ በደቂቃ 20 ቃል፣ የተደባለቁ የኮድ ቡድኖችን ደግሞ በደቂቃ 16 ቡድን መላክና መቀበል ነበረበት። ለአንደኛ ደረጃው 25 ቃልና 20 ቡድን ይጠየቃል። የኮድ ቡድን ማለት ፊደልና ቁጥር ያለ ትርጉም የተቀላቀሉበት አምስት አምስት ምልክት ነው። ለምን እንዲህ ያለ ነገር ይፈተናል ቢባል፤ ተራ ንባብ ሲሆን ጆሮ የሳተውን አእምሮ ይገምታል። «መርከባችን እየሰ...» ተብሎ ቢቋረጥ ቀሪውን ማንም ይሞላዋል። የመርከቢቱ ሥፍራ ግን፤ ኬንትሮስና ኬክሮሱ፤ በግምት አይሞላም። አንዲት ቁጥር ብትሳሳት አዳኙ ወደ ባዶ ባሕር ይሄዳል። ስለዚህ ፈተናው ሆን ብሎ ተማሪውን ከግምት ያራቁተዋል። ከኅዳግ የተጻፈ አሳብ ይሁንና፤ እኛም በኮሌጃችን ያልሰማነውን የመምህር ቃል በግምት እየሞላን ማስታወሻ መያዝን በለመድንበት ጊዜ እንዲህ ያለ ፈተና ቢሰጠን ስንቶቻችን እንደምናልፍ እንጃ።

ከሞርስ ሌላ የኤሌክትሪክና የራዲዮ ትምህርት አለ፤ አስተላላፊውን፣ ተቀባዩን፣ ባትሪውን መጠገን አለ፤ መምህሩ መሣሪያውን በስውር ያበላሽና ተማሪው ብልሽቱን ፈልጎ እንዲያገኝ ይታዘዛል። የዓለምን ጂኦግራፊ፣ ይልቁንም ዋና ዋናዎቹን የመርከብ መስመሮችና የቴሌግራፍ መንገዶች ማወቅ ግዴታ ነው። የቴሌግራም ሒሳብም በወርቅ ፍራንክ እያሰሉ መያዝ ነበር። ይህ ሁሉ ተደምሮ ብዙ ወራት፣ ለከፍተኛው ወረቀት ደግሞ ከዓመት በላይ ይፈጅ ነበር። የዚያ ሁሉ ውጤት አንድ ሰው ነው፤ በመርከቡ ላይ «ስፓርክስ» እየተባለ የሚጠራ፣ ከማዳመጥና ከመጠገን በቀር ሌላ ሥራ የሌለው።

ይህ ሰው ዛሬ በንግድ መርከቦች ላይ የለም ማለት ይቻላል። ያስቀረውም ሳተላይት ነው። በ1979 ለመርከቦች የሳተላይት ግንኙነት የሚሰጠው ኢንማርሳት ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት በሐምቡርግ ስለ ባሕር ፍለጋና ነፍስ አድን ሥራ ስምምነት ተደረገ። በ1982 ደግሞ ኮስፓስ-ሳርሳት የተባለው የሳተላይት ሥርዓት በካናዳ ተራራማ አገር የወደቀ ትንሽ አውሮፕላን አግኝቶ የመጀመሪያዎቹን ሰዎች አዳነ። ያ ጊዜ ቀዝቃዛው ጦርነት የበረታበት ሳለ ሥርዓቱን ያቆሙት ሶቪየት ኅብረት፣ አሜሪካ፣ ካናዳና ፈረንሳይ በአንድነት መሆናቸው ይደንቃል። ሶላስ በ1988 ተሻሻለና አዲሱ ዓለም አቀፍ የባሕር ጭንቅና ደኅንነት ሥርዓት፤ በእንግሊዝኛ አሕጽሮት ጂ.ኤም.ዲ.ኤስ.ኤስ.፤ ከፌብሩዋሪ 1992 ጀምሮ እየገባ በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1999 በሙሉ ጸና። ፈረንሳዮች በ500 ኪሎ ኸርትዝ ላይ የሚያደርጉትን የሞርስ ማዳመጥ በጃንዋሪ 1997 በስንብት መልእክት ዘጉ።

አዲሱ ሥርዓት የአሮጌውን አሳብ ገለበጠው። ቀድሞ መርከብ የሚጠራው ሌላ መርከብን ነበር፤ ዛሬ በመጀመሪያ የሚጠራው በየብስ ያለውን የነፍስ አድን ማእከል ነው። ቀድሞ ግዴታው በመርከቡ መጠን ላይ ተመሥርቶ ነበር፤ ዛሬ መርከቡ በሚሄድበት ባሕር ላይ ተመሥርቷል። ባሕሩም በአራት ክፍል ተለይቷል። ኤ1 የሚባለው ከወደብ አቅራቢያ ከ20 እስከ 30 ማይል ያህል በአጭር ርቀት ራዲዮ የሚደረስበት ነው፤ ኤ2 እስከ መቶ ማይልና ከዚያም በላይ፤ ኤ3 ሳተላይቶቹ የሚያዩት ሰፊ ውቅያኖስ፤ ኤ4 የቀረው የዋልታ አካባቢ ነው። ግዴታው የሚመለከተው በአገሮች መካከል የሚጓዙትን መንገደኛ መርከቦች ሁሉና 300 ቶንና ከዚያ በላይ የሆኑትን የጭነት መርከቦች ነው። ይህን 300 የሚል ቁጥር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ለሥልጠናው ደንብ መሠረቱ ስለ መርከበኞች ሥልጠናና ምስክር ወረቀት በ1978 የተደረገው ስምምነት ሲሆን በ1995 እና በ2010 በማኒላ በሰፊው ታድሷል። ሠልጣኙ ከ18 ዓመት ማነስ የለበትም። በኤ1 ባሕር ብቻ ለሚሠራ የተወሰነ ምስክር ወረቀት ይበቃዋል፤ ከዚያ ለሚያልፍ ጠቅላላ ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ከሁለቱ በላይ መጠገንንም የሚያውቁ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ የራዲዮ ኤሌክትሮኒክ ምስክር ወረቀቶች አሉ፤ ነገር ግን መርከብ መሣሪያውን በድርብ ከያዘና በወደብ የሚጠግንለት ካለው ባለ ሙያውን እንዲይዝ ስለማይገደድ እነዚህን የሚፈልግ ጥቂት ነው። ጠቅላላውን ወረቀት የሚይዙት የመርከቡ የመንዳት ተራ የሚይዙ መኮንኖች ናቸው። ከነሱም አንዱ በጭንቅ ጊዜ ለራዲዮው ዋና ኀላፊ እንዲሆን አስቀድሞ ይሰየማል። ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት አይበልጥም፤ ወረቀቱም በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ምን ይማራሉ? እውነተኛውን መሣሪያ ወይም አምሳያውን ፊት ለፊት አስቀምጠው ይለማመዳሉ። ቀዩ የጭንቅ ቁልፍ በክዳን ተሸፍኖአል፤ ክዳኑን አንሥቶ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ይገባል፤ ይህም በአጋጣሚ እንዳይነካ ነው። ቁልፉ ሲጫን መሣሪያው በአጭር ርቀቱ ራዲዮ በ70ኛው መስመር፣ በመካከለኛው ሞገድ በ2187.5 ኪሎ ኸርትዝ የመርከቡን ዘጠኝ አኀዝ መለያና ሥፍራውን በራሱ ይልካል። (የኢትዮጵያ መርከቦች መለያ የሚጀምረው በ624 ነው።) ከዚያ በኋላ ሰውየው በ16ኛው መስመር ወይም በ2182 ኪሎ ኸርትዝ በቃሉ ይናገራል። «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ፤ የመርከቡ ስም ሦስት ጊዜ፤ የጥሪ ምልክቱና መለያው፤ እንደ ገና «ሜይዴይ» ብሎ ስሙን ከጠራ በኋላ ሥፍራው፣ የደረሰበት ጭንቅ፣ የሚፈልገው እርዳታ፣ በመርከቡ ላይ ያሉት ሰዎች ብዛት። ይህ ተራ የሚፋለስ አይደለም። ሥፍራው ከሁሉ የሚቀድመው ራዲዮው በመካከል ቢቋረጥ ቢያንስ ወዴት እንደሚሄዱ አዳኞቹ እንዲያውቁ ነው። ተማሪ ግን ሲደነግጥ የሚጀምረው ምን እንደ ደረሰበት በመተረክ ነው ይባላል፤ የሰው ተፈጥሮ ነውና መምህሩ እስኪሰለች ያስደጋግመዋል።

ጥሪ መስጠት ብቻ ሳይሆን ጥሪ መቀበልም ትምህርት ነው፤ በዚህ ውስጥ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። የጭንቅ መሣሪያው መልስ እስኪያገኝ ድረስ በየአራት ደቂቃው ያህል ጥሪውን በራሱ ይደግማል። ጥሪውን የተቀበለች ሌላ መርከብ ቸኩላ በዚያው በዲጂታል መሣሪያ ሰምቻለሁ ብትል ድግግሞሹ ይቆማል፤ በየብስ ያለው ጣቢያም ሳይሰማ ይቀራል። ስለዚህ ሠልጣኙ እጁን ሰብስቦ በማዳመጫው እንዲጠብቅ፣ የየብስ ጣቢያ ሲዘገይ በቃል እንዲመልስ፣ አሁንም የሰማ ከሌለ ጥሪውን ለሌላ እንዲያስተላልፍ ይማራል። መልካም ልብ ያለው ያልሠለጠነ ሰው እዚህ ላይ ጉዳት ያደርሳል።

ደግሞ መርከቡ ቢገለበጥና የሚናገር ባይተርፍስ? ለዚህ የቆመው በ406 ሜጋ ኸርትዝ የሚሠራው ተንሳፋፊ የምልክት መሣሪያ፤ «ኢፐርብ» የሚሉት ነው። መርከቡ ሲሰምጥ አራት ሜትር ጥልቀት ሳይደርስ የውሃው ግፊት ማሠሪያውን ይፈታዋል፤ ወደ ላይም ወጥቶ ቢያንስ ለ48 ሰዓት ወደ ሳተላይት ይጮኻል። ሠልጣኙ በየወሩ እንዴት እንደሚፈትሸው፣ የባትሪውን ዘመንና ምዝገባውን እንዴት እንደሚከታተል ይማራል። በነፍስ አድን ጀልባው ላይ የሚያዘው ሌላ መሣሪያ ደግሞ በአዳኙ መርከብ ራዳር ላይ በአንድ መስመር የተደረደሩ ዐሥራ ሁለት ነጥቦች ሆኖ ይታያል።

የቋንቋውን ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ለትምህርት ክፍላችን ታማኝ አንሆንም። የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2001 ያጸደቀው የመርከብ ንግግር ሐረጎች መድበል አለ። እንግሊዝኛ ነው፤ ግን ሼክስፒር የሚያውቀው እንግሊዝኛ አይደለም። «ሜይ»፣ «ማይት»፣ «ኩድ» የተባሉትን ቃላት ይሸሻል፤ «ልግባ ወይ» ይሁን «ልገባ እችል ይሆናል» ይሁን የማይለይ ቃል በባሕር ላይ ሰው ይገድላልና። ቁጥርም በየአኀዙ ይነገራል፤ መቶ ሃምሳ አይባልም፤ አንድ-አምስት-ዜሮ ነው፤ በእንግሊዝኛ ዐሥራ አምስትና ሃምሳ በጫጫታ ውስጥ አንድ ዓይነት ስለሚሰሙ ነው። ከዚህም የሚያስቀው፤ በዓለም አቀፍ ደንብ ውስጥ ቁጥሮቹ ራሳቸው ከሁለት ቋንቋ ተዳቅለው የተሠሩበት መጠሪያ አላቸው፤ ኡናዋን፣ ቢሶቱ፣ ቴራትሪ፣ ካርቴፎር፣ ፓንታፋይቭ እያለ ይሄዳል። የመጀመሪያው ግማሽ ከላቲንና ከግሪክ ዘር፣ ሁለተኛው ከእንግሊዝኛ ነው፤ አንዱን ግማሽ ያልሰማ ሌላውን ይሰማል። በአደባባይ ሲነበብ ቀልድ ይመስላል። ቅኔ ሁለት ትርጉም በአንድ ቃል ሲያስገባ ይህ ደግሞ አንድን ትርጉም በሁለት ቃል ያጥራል፤ ሁለቱም ጥበብ መሆናቸውን እንመሰክራለን።

አሁን ፍርዳችንን እንናገር። አዲሱ ሥርዓት ከአሮጌው ይሻላል፤ አንድ ደክሞት የተኛ ወጣት የሺህ ሰዎች ዕጣ ሊወስን አይገባም። ይሁን እንጂ ሁለት ሳምንት ቁልፍ መጫንን ለማስተማር ይበቃል እንጂ ጆሮን ለማሠልጠን ይበቃል ብለን አናምንም። የዛሬው መኮንን መርከቡን ይነዳል፣ ካርታ ይከታተላል፣ ጭነት ይቆጣጠራል፣ ወረቀት ይሞላል፤ ራዲዮው ከብዙ ሥራዎቹ አንዱ ነው። ማዳመጡን የሚሠራለት መሣሪያው ነው። ከዚህም የተነሣ የሐሰት ጥሪ በዝቷል፤ ወደ ማእከሎች ከሚደርሱት የጭንቅ ምልክቶች እጅግ የሚበዙት በስሕተት የተላኩ ናቸው። በልጅነታችን ጅብ መጣ እያለ መንደሩን ያታለለውን እረኛ ተረት የሰማን ሁሉ መጨረሻውን እናውቃለን። ደንቡ በስሕተት የላከ ሰው መሣሪያውን አጥፍቶ ዝም እንዳይል፣ ወዲያው በ16ኛው መስመር ለጣቢያዎች ሁሉ ጥሪውን መሰረዙን ከነሰዓቱ እንዲያስታውቅ ያዛል። ሠልጣኞች ግን ቅጣት ፈርተው ዝም ማለት ይቀናቸዋል፤ ዝምታው ደግሞ ነፍስ አድን አውሮፕላን በከንቱ ያስነሣል። እንደ እኛ አሳብ ከየትኛውም የመሣሪያ ልምምድ ይልቅ በዚህ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ቢሰጥ ይሻል ነበር።

በአገራችን በኩል፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የመርከበኞች ማሠልጠኛ ተቋም መኖሩን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ጣና ዳር ተምረው በውጭ አገር መርከቦች ላይ በሞተርና በኤሌክትሪክ ክፍል የተቀጠሩ ልጆች ብዙ ናቸው። በ2010 በማኒላ የተደረገው ማሻሻያ ለመርከብ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክ መኮንን የራሱን ደረጃ ስለ ሰጠ የጥንቱ «ስፓርክስ» የመጠገን ሙያ በከፊል ወደዚህ ሰው ተላልፏል። ከሙያው የሚቀርበው እሱ ነው፤ ማዳመጡ ግን የሱ አይደለም።

ወደ 300 ቶኑ እንመለስ። ከቦሳሶ ወይም ከኦቦክ ተነሥቶ የኤደንን ባሕረ ሰላጤና ባብ ኤል መንደብን የሚሻገር የደላላ ጀልባ ከዚህ ሕግ በታች ነው። ቀይ ቁልፍ የለውም፣ ተንሳፋፊ ምልክት የለውም፣ ዘጠኝ አኀዝ መለያ የለውም። በጁን 10 ቀን 2024 ከሶማሊያ ወደ የመን 260 ያህል ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች ጭኖ የነበረው ጀልባ ሲገለበጥ ቢያንስ 49 ሰዎች ሞተው 140 ጠፍተዋል። ይህ የደረሰው በዓለም ላይ መርከብ ከሚበዛባቸው መንገዶች በአንዱ አጠገብ ነው። በዚያ መንገድ የሚያልፈው እያንዳንዱ ታላቅ መርከብ ቀንና ሌሊት በ70ኛው መስመር የሚያዳምጥ መሣሪያና የሠለጠነ መኮንን አለው። ጆሮው አለ፤ አፍ የለም።

ሕጉ ግን ስለ ሰሚው አንድ ነገር ይላል፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና እንጻፈው። በሶላስ አምስተኛ ምዕራፍ 33ኛ ደንብ መሠረት የመርከብ አዛዥ ሰዎች በባሕር ላይ በጭንቅ መሆናቸውን ከማናቸውም ምንጭ ከሰማና ለመርዳት የሚችል ከሆነ በፍጥነት እንዲሄድ ይገደዳል፤ የሰዎቹ ዜግነት፣ ሁኔታቸው፣ እንዴት ወደዚያ እንደ መጡ አይጠየቅም። «ከማናቸውም ምንጭ» ማለት በራዲዮ ብቻ አይደለም። በጀልባው ላይ ያለ ልጅ በእጅ ስልኩ ወደ ቤቱ ደውሎ ውሃ እየገባብን ነው ቢል፣ ያንን የሰማ ወንድም ወይም ጓደኛ ወደ ነፍስ አድን ማእከል ቢያደርሰው ሕጉ ያንን ጥሪ እንደ ጥሪ ይቆጥረዋል። በእኛው መኝታ ቤቶችም እንዲህ ያለ ስልክ የሚጠብቅ ተማሪ ሊኖር ይችላል። ማእከሉ የሚጠይቀው የሬዲዮ ሠልጣኙ የሚማረውን ያንኑ ነው፤ ስለዚህ ስልኩ ሳይቋረጥ መጠየቅ ያለበት በዚያው ተራ ነው። በመጀመሪያ የት ናችሁ፤ ስልኩ ላይ የሚታየውን የሥፍራ ቁጥር አንብብልኝ፤ ካልታየው ከየት ወደብ፣ በስንት ሰዓት ተነሣችሁ፤ ወዴት ነው የምትሄዱት፤ የብስ ወይም መብራት ይታይሃል ወይ። ቀጥሎ ምን ደረሰባችሁ። ቀጥሎ ስንት ናችሁ፤ ሴቶችና ሕፃናት ስንት ናቸው። የጀልባው ቀለምና ርዝመት። ባትሪህ ስንት ቀረው። የሰማነውን ሁሉ በወረቀት ከነሰዓቱ መጻፍ፤ ቁጥሩንም አንድ በአንድ ደግሞ አንብቦ ማረጋገጥ።